የቦክሰኛውን እግር አትቁረጡብን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን የቦክስ አሠልጣኝ፣ ሌላችን የሥዕል መምህር። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በስፖርት ገጻችሁ የሚወጣውን የቦክስ ፎቶግራፍም ሆነ ንድፍ ከወገብ በላይ ቆርጣችሁ አታትሙት። ቦታ እንደሚጠባችሁ እናውቃለን፤ ሁለት ፊትና አራት ጓንት በሁለት ዓምድ ውስጥ ደህና ይገባሉ፣ ሙሉ ቁመት ግን ቦታ ይበላል። ይሁንና ቡጢ የሚነሣው ከእግር ነው። እግሩ የተቆረጠ የቦክስ ምስል መነሻው እንደጠፋ ወሬ ነው፤ ማን ማንን እንደመታ ይነግረናል፣ እንዴት እንደመታው ግን አይነግረንም። ቦክስና ሥዕል የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ቦክሰኛውም ሠዓሊውም ቀኑን ሙሉ የሚያጠኑት ክብደት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። ቀኝ እጁ የሚበረታ ቦክሰኛ ግራ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ከትከሻው ስፋት ትንሽ ይበልጣል። የፊተኛው እግር ጣቶች ወደ ውስጥ ዘወር ይላሉ፣ የኋለኛው ተረከዝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከመሬት ይነሣል፣ ጉልበቶቹ ላላ ይላሉ፣ አገጭ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ክርኖች ጎድንን ይጠብቃሉ። ከዚህ አቋም ተነሥቶ ክሮስ (በኋለኛው እጅ የሚመታ ቀጥ ያለ ቡጢ) ሲሰነዝር የኋለኛው እግር የፊት ክፍሉ መሬቱን ይገፋል፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዳሌው ይከተላል፤ ትከሻው ዳሌውን ይከተላል፤ ክንድ ከሁሉም በኋላ ይዘረጋል። ጭብጡ ሊደርስ ሲል መዳፉ ወደ መሬት እንዲያይ ይጠመዘዛል፣ የሚመታው ትከሻ ከፍ ብሎ አገጩን ይጋርደዋል፣ ሌላው እጅ ከጉንጭ አይነሣም። ይህ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዛባም። ከተዛባ ያ ሰው ተጋጣሚውን እየገፋው ነው እንጂ እየመታው አይደለም።

ከተቆረጠ ፎቶግራፍ እየተመለከተ የሚሥል ሠዓሊ እግሩን ከራሱ ጨምሮ ይሥላል፤ ስሕተቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን መሬት ላይ ጠፍጠፍ ብለው ይቀመጣሉ። የቁምጣው መቀነትና የትከሻው መስመር ትይዩ ይሆናሉ። ክንዱ እንደ አጣና ይዘረጋል፣ የማይመታው እጅ ወደ ዳሌ ይወርዳል፣ አገጩም ቀና ይላል። ጡንቻው ምንም ያህል ተጠንቶ ቢሣል፣ ይህን ሥዕል አንድ ወር ብቻ የሠለጠነ ልጅ እንኳ ሲያየው የሆነ ነገር እንደጎደለው ወዲያው ይገባዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግንበኛ ግድግዳውን በቱንቢ እንደሚያይ፣ ሠዓሊም ቦክሰኛውን በቱንቢ ይየው። ከአገጩ ሥር ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት ይጣል። መስመሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ካረፈ ሰውየው ቆሟል፤ መምታትም ማፈግፈግም ይችላል። ወደ ፊተኛው ጉልበት ከተጠጋ በኃይል እየገባ ነው። ከፊተኛው እግር ጣቶች አልፎ ከወጣ ግን ሚዛኑ ሄዷል፤ ወይ ቡጢው ስቷል፣ ወይ ሊወድቅ ነው። የሳተ ቡጢ መሣል የፈለገ ሰው የተጣመመ ፊትና የሚረጭ ላብ ከሚደራርብ ይህን መስመር ጥቂት ወደ ውጭ ቢያወጣው ይበቃዋል። ተመልካቹ ቦክስ ባያውቅም በገዛ ሰውነቱ ይረዳዋል፤ ሚዛን ስቶ የማያውቅ ሰው የለምና።

ንድፉን ስንሠራም ከታች እንጀምራለን። በቅድሚያ ሁለቱ እግሮች ያረፉበት ቦታ በሁለት አጫጭር ጭረቶች ይቀመጣል። ቀጥሎ የመቀነቱ መስመር፣ ከእሱ በላይ የትከሻው መስመር ይሰመራል፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው ከቀሩ አካሉ ገና አልተጠመዘዘም ማለት ነው። ከዚያ አገጭ፣ ከዚያ ክርኖች። ጓንት የመጨረሻው ነው። ሠላሳ ሴኮንድ ይበቃል። ከጓንት የጀመረ ተማሪ ወረቀቱ ከታች ያልቅበትና እግሩን አሳጥሮ ይጨርሰዋል፤ ይህ በየጊዜው የምናየው ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ቁመት ሰባት ተኩል ራስ ያህል ይሰጣል፤ በቦክስ አቋም ግን ጉልበቱ ስለሚታጠፍና ደረቱ ስለሚጎብጥ ከሰባት በታች ይወርዳል። ይህን የዘነጋ ሰው ቦክሰኛውን ሳያስበው አስረዝሞት ያገኘዋል።

ስለ ጓንቱም አንድ ነገር እንበል፤ ኳስ እየመሰለ ብዙ ይሣላልና። በአማተር ውድድር የሚደረገው ጓንት እንደ ክብደት ምድቡ 10 ወይም 12 አውንስ ነው፤ 284 ወይም 340 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ፊት ላይ ሲያርፍ ከአገጭ እስከ ቅንድብ የሚሸፍን መጠን አለው። እብጠቱ ያለው በእጅ ጀርባና በጣቶቹ አንጓዎች ላይ ነው፤ በመዳፍ በኩል ጠፍጣፋ ነው። አውራ ጣቱ ከጓንቱ አካል ጋር በስፌት ተያይዟል፣ ስለዚህ ለብቻው ተገንጥሎ አይቆምም። ከጓንቱ ጀርባ እስከ ክርን ያለው መስመር በምት ጊዜ ቀጥ ማለት አለበት፤ የእጅ አንጓው ታጥፎ ያረፈ ቡጢ የሚጎዳው የመቺውን እጅ ነው። ቡጢው በሚያርፍበት ቅጽበት ደግሞ የተመታው ሰው ጭንቅላት ቀድሞ ይሄዳል፣ ትከሻ ይዘገያል፣ እግር መጨረሻ ላይ ይሰማል። ላቡም በብዛት የሚፈናጠረው በወዲያኛው ጎን የቡጢውን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። በብዙ ሥዕሎች ግን ላቡ ወደ መቺው ተመልሶ ሲረጭ እናየዋለን።

የጥንት ሠዓሊዎች ይህን ጠንቅቀው ያዩ ነበር። በኤጂያን ባሕር በቴራ ደሴት፣ አክሮቲሪ በሚባለው ስፍራ ከእሳተ ገሞራ አመድ ሥር የወጣውና ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የግድግዳ ሥዕል ሁለት ልጆች ሲቧቀሱ ያሳያል፤ ሁለቱም ጓንት ያጠለቁት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው። ምስሎቹ ከፀጉር እስከ እግር ጣት ሙሉ ናቸው። የግሪክ የሸክላ ማሰሮዎች ላይ የተሣሉት ቦክሰኞችም እንዲሁ፤ አፍንጫቸው ሲደማ፣ ዳኛው በትር ይዞ አጠገባቸው ሲቆም፣ የተሸነፈው አንድ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ይታያሉ።

ከሁሉም በላይ ግን በ1885 ሮም ውስጥ ከኲሪናል ኮረብታ የተቆፈረውን የነሐስ ቦክሰኛ ማንሣት ግድ ይለናል (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በሮም ብሔራዊ ሙዚየም በፓላዞ ማሲሞ ይገኛል። ሰውየው ተቀምጧል። ክንዶቹ ጭኖቹ ላይ አርፈዋል፣ እጆቹ በቆዳ ጠፍር ተጠቅልለዋል፣ ራሱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቀና ብሏል። አፍንጫው ተሰብሯል፣ ጆሮዎቹ አብጠው ደድረዋል። ቀራጺው ከንፈሩንና ቁስሎቹን ከመዳብ ሠርቶ ነሐሱ ውስጥ ስላስገባቸው ቀይ ሆነው ይለያሉ፤ ከቀኝ ዓይኑ ሥር ያለው እብጠት ደግሞ ጠቆር ካለ ሌላ ውሕድ የተሠራ ነው። አሁን ልብ በሉ፤ በመዳብ የተሠሩት የደም ጠብታዎች በቀኝ ክንዱና በቀኝ ጭኑ ላይም አሉ። ይህ የሆነው ራሱን ወደ ቀኝ ባዞረበት ቅጽበት ደሙ ስለተንጠባጠበ ነው። የማይንቀሳቀስ ነሐስ ላይ የአንድ ሴኮንድ እንቅስቃሴ ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ደግሞ ጭኑ ላይ ነው። ይህን ሐውልት ከደረት በላይ ቆርጦ በገጽ ላይ ያተመ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጥሎታል።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ቶማስ ኤኪንስ በ1898 እና በ1899 ሦስት ትልልቅ የቦክስ ሥዕሎች ሠርቷል፤ በሦስቱም ውስጥ አንድም የተሰነዘረ ቡጢ የለም። በአንደኛው ቦክሰኛው በጉልበቱ ወድቆ ዳኛው ይቆጥርለታል፤ ሸራው የሰው ቁመት የሚያክሉ ምስሎችን የያዘ ነው። በሁለተኛው በዙሮች መካከል ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ በፎጣ ያራግቡለታል፣ ሰዓት ያዡም ከፊት ለፊት ተቀምጦ ይቆጥራል። በሦስተኛው አሸናፊው ለሕዝቡ እጁን ያነሣል። ኤኪንስ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደውን የእንቅስቃሴ ፎቶግራፍ ሙከራ በቅርብ ያውቅ ነበር፤ ያ ሥራ በ1887 በ781 ሰሌዳዎች ሲታተም ቦክሰኞችም ነበሩበት። እንቅስቃሴን በክፍልፋይ ሴኮንድ ማየት የሚችል ሠዓሊ ዕረፍቱን መርጦ መሣሉ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የሦስት ደቂቃ ድካም የሚታየው በአንዱ ደቂቃ ዕረፍት ነው፤ ጉልበት እንዴት እንደተከፈተ፣ ጀርባ ማዕዘኑን እንዴት እንደተደገፈ፣ እግሮች ምን ያህል ርቀው እንደተዘረጉ። እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች ለጋዜጣም ይሆናሉ፤ ዛሬ ግን ከስንት አንዴ እንኳ አይወጡም።

ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆርጅ ቤሎውስ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ1909 የሠራውና አሁን በክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው «ስታግ አት ሻርኪስ» የውጊያው ማዕከል ውስጥ ይጥለናል። በዚያን ዘመን በኒው ዮርክ ለሽልማት የሚደረግ ቦክስ በይፋ የተከለከለ ስለነበር ግጥሚያዎቹ በግል ክበቦች ይካሄዱ ነበር፤ ተመልካቹም ተጋጣሚውም ለዚያች ምሽት «አባል» ይባላል። ቤሎውስ በዚያው ዓመት የሠራውን ሌላ ሥዕል «የዚህ ክበብ ሁለቱም አባላት» ያለው ከዚሁ ተነሥቶ ነው፤ የተሣሉት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ቦክሰኛ መሆናቸው ደግሞ ርዕሱን ያከብደዋል።

በሻርኪው ሥዕል የሁለቱ ሰዎች ፊት እምብዛም አይለይም። ብሩሹ በፍጥነት አልፎበታል፣ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ጭብጦቹም ደብዝዘዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ኃይል ከየት መጣ? የሥዕሉን ቅጂ የምታገኙ ከሆነ የታችኛውን ሲሶ በወረቀት ሸፍኑት። ሁለት ሰዎች የተቃቀፉ ይመስላሉ። ወረቀቱን ስታነሡት እግሮቹ ይወጣሉ፤ አካላቱ ከወለሉ ተነሥተው በሰያፍ ሄደው ራስ በራስ ሲደጋገፉ፣ እንደ ድንኳን ምሰሶ ሲገፋፉ ይታያሉ። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይወድቃል። ዳኛው ከበስተኋላ ጎንበስ ብሎ ይህን ቅርጽ ያጠናክረዋል። ቤሎውስ ስለ ቦክስ ብዙ እንደማያውቅ ራሱ ይናገር ነበር፤ ክብደት ግን ያውቃል፣ ያየውም ከታች፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሆኖ ነው።

ወደ ፎቶግራፍ እንምጣ፤ ጋዜጣችሁን በቀጥታ የሚመለከተው እሱ ነው። ኒል ላይፈር ግንቦት 25 ቀን 1965 በሉዊስተን፣ ሜይን፣ መሐመድ ዓሊ በወደቀው ሶኒ ሊስተን ላይ ቆሞ ሲጮህበት ያነሣውን ፎቶግራፍ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ብልጭታ (ፍላሽ) ዳግም ኃይል እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ዕድሉ የአንድ ጠቅታ ነበር። ዓሊ በሙሉ ቁመቱ፣ ሊስተንም በሙሉ ርዝመቱ ወለሉ ላይ ገብተዋል። ከዓሊ እግሮች መካከል በወዲያ በኩል የተቀመጠ ሌላ ፎቶግራፈር ይታያል፤ ያ ሰው የተሳሳተ ጎን ደርሶት የዓሊን ጀርባ ነበር የሚያየው። ይኸው ላይፈር ኅዳር 14 ቀን 1966 በሂዩስተን አስትሮዶም ካሜራውን ከመድረኩ 24 ሜትር ገደማ በላይ ሰቅሎ በርቀት መቆጣጠሪያ አነሣ። ክሊቭላንድ ዊሊያምስ በጀርባው ተዘርሯል፣ ዓሊ እጆቹን አንሥቶ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል። ከላይ ሲታይ ፊት የለም ማለት ይቻላል፤ የቀረው በነጭ ሸራ ላይ ሁለት አካላትና በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው፤ ውጤቱን ለመረዳት ከዚያ ሌላ አያስፈልግም።

ፎቶግራፈሮቻችሁ እግር የሚቆርጡት ብዙ ጊዜ በሌንስ ምርጫ ነው። መድረኩ ጥግ ተቀምጦ በ70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያነሣ ሰው ከቅርብ ላሉ ቦክሰኞች የሚበቃ ቦታ የለውም። ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለው ይያዝ። ፍጥነቱ 1/1000 ሴኮንድ፣ ቢያንስ 1/640 ይሁን፤ ከዚያ በታች ጓንት ይደበዝዛል። የሌንሱ ቀዳዳ 2.8፣ የብርሃን ስሜቱ (ISO) 3200 አካባቢ በአብዛኛው አዳራሽ ይሠራል። ሌንሱ ከታችኛው ገመድ ሥር ወይም በአንደኛውና በሁለተኛው ገመድ መካከል ይግባ። አውቶማቲክ ፎከሱ ክፍት ሆኖ ከተተወ ገመዱን ይዞ ይቀራል፤ አንድ ነጥብ መርጦ የቦክሰኛው ቁምጣ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። የዳኛው ነጭ ሸሚዝ የብርሃን መለኪያውን ያታልለዋል፣ ቦክሰኞቹ ጨልመው ይወጣሉ፤ ብርሃኑን ከቆዳቸው ላይ መለካትና በእጅ መቆለፍ ይገባል። ወለሉ ሰማያዊ ከሆነ አገጭ ሥር ሰማያዊ ነጸብራቅ ይመታል፤ ሲታረም ቀለሙ ከፊት ላይ ብቻ ይቀነስ እንጂ መላው ምስል አይሞቅ። አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነሡ አግድም ጥቁር መስመር ይጥላሉ፤ ከግጥሚያው በፊት አሥር ያህል የሙከራ ፎቶ ቢነሣ ይታወቃል።

ለሚነድፉት ደግሞ የቦክስ ሰዓት ራሱ አስተማሪ ነው። ሦስት ደቂቃ ዙር፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። በሦስቱ ደቂቃ አንድ ሥዕል ለመጨረስ የሚታገል ሰው ይሸነፋል። ትልቅ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት ንድፍ ጎን ለጎን ይጀመር፤ ቦክሰኛ ወደሚወዳቸው አቋሞች ደጋግሞ ስለሚመለስ፣ ሁለተኛው ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ) ሲመጣ ወደ መጀመሪያው ንድፍ ተመልሶ የጎደለውን መጨመር ይቻላል። ለስላሳ ከሰል ወይም 6ቢ እርሳስ ይበቃል፤ ላጲስ አያስፈልግም፣ ጊዜ ይበላል። ለአንድ ምሽት ሠላሳ ወረቀት ይያዝ። ከሰሉን የሚያጸናው መርጫ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በስሱ ሁለት ጊዜ ይረጭ፤ ቀርቦ የረጨ ሰው ንድፉን ያርሰዋል፣ ከሰሉም ይፈስሳል። በዕረፍቱ ደቂቃ ማዕዘኑ ይነደፍ።

በቅርጻ ቅርጽ ችግሩ ይብሳል፤ ክብደቱ እውነተኛ ነውና። 60 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን የሸክላ ቦክሰኛ የእግሩ አጽም ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ ይፈልጋል፣ ለክንዱ 4 ይበቃል። የተዘረጋው ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ጓንት ሸክላውን ወደ ታች ይጎትታል፤ የተነሣው ተረከዝ ደግሞ መሬት የሚነካውን ስፋት ያጠብበዋል፤ ስለዚህ ስንጥቁ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከኋለኛው ቁርጭምጭሚት ነው። ዳሌው ላይ ከጀርባ የሚገባ የብረት ቧንቧ ድጋፍ ይደረግ፣ ጓንቶቹም ውስጣቸው በፎም ይሞላ። አሜሪካዊው ማሆንራይ ያንግ በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው በቦክስ ቅርጻ ቅርጽ ነበር፤ ከ1912 እስከ 1948 ኦሊምፒክ ለሥነ ጥበብም ሜዳሊያ ይሰጥ እንደነበር ብዙ አንባቢ ሳይረሳው አልቀረም። ያንግ የቀረጸው መዘረርን ነው፤ አንዱ ወድቆ ሌላው ቆሞ።

ክርክራችንን የሚፈትን ሥራ እንዳለ አንደብቅም። በዲትሮይት ከተማ በ1986 የቆመው፣ ቀራጺው ሮበርት ግራሃም የሠራው የቦክሰኛው የጆ ሉዊስ መታሰቢያ ክንድና ጭብጥ ብቻ ነው፤ 7.3 ሜትር ይረዝማል፣ ከብረት ፒራሚድ በገመድ ተንጠልጥሏል። እግር የለውም፣ ግን ያስደነግጣል። በእኛ እምነት የሚሠራው የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው፤ ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝነው ነሐስ ክብደቱን በገመዶቹ ላይ ያሳያል፣ ፒራሚዱም መሬቱን በእግር ፈንታ ይረግጥለታል። ሠዓሊው ዣን ሚሼል ባስኪያ በ1982 የሣላቸው ቦክሰኞችም ስለ ውጊያ ሳይሆን ስለ ጀግና ናቸው፤ እሱና ሌላው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1985 ጓንት አጥልቀው የተነሡት የኤግዚቢሽን ማስታወቂያም ከቦክስ የወሰደው ጓንቱን ብቻ ነው።

ቦክሱን ራሱን ብሩሽ ያደረገው ጃፓናዊው ኡሺዮ ሺኖሃራ ነው። ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ጓንቱ ላይ ስፖንጅ እያሰረ፣ ቀለም ውስጥ እየነከረ ረጅም ሸራ ከቀኝ ወደ ግራ እየመታ ይሄዳል። ይህን መሞከር ለሚፈልጉ ወጣቶች ጥቂት ነገር እንንገር። በፍሬም ብቻ የተወጠረ ሸራ ሲመታ ይነጥራል፣ ቶሎም ይላላል፤ ከኋላው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር። እጅ በፋሻ ይጠቅለል (4.5 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው ይሆናል)፣ በጓንቱ ላይም ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይደረብ፤ ኮምፔንሳቶ እንደ ቦክስ መለማመጃ ከረጢት አይምርም። አክሪሊኩ በውኃ ይቅጠን፣ ግን ከብሩሹ ጫፍ እየዘገየ እስኪንጠባጠብ ድረስ ብቻ፤ ከዚያ ከቀጠነ ቀለሙ ወደ ታች ስለሚፈስስ የምቱ ቅርጽ ይጠፋል፣ ከወፈረ ደግሞ አይረጭም። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። የሁሉም ጀማሪ ስሕተት ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ መምታት ነው፤ ቀለሞቹ ተደራርበው ጭቃ ይሆናሉ። ከሁለት ምት በኋላ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ያስፈልጋል። ሸራው ላይ የሚቀረው ክፍተት የእግሩ ምልክት ነው።

ፖል ፋይፈር የተባለው ሠዓሊ ከ2000 ጀምሮ በሠራቸው ቪዲዮዎች የመሐመድ ዓሊን ታላላቅ ግጥሚያዎች ወስዶ ቦክሰኞቹን ከምስሉ አጥፍቷቸዋል። የቀረው ባዶ መድረክ፣ ተመልካች፣ ማንም ሳይነካቸው የሚወዛወዙ ገመዶች ናቸው። ክብደቱ ግን አልጠፋም፤ ዓይናችን ገመዱን እያየ ሰውየው የት እንደተደገፈ ያውቃል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የቦክስ ምስል ስትመርጡ ቢያንስ የአንደኛው ቦክሰኛ ሁለት እግሮች ይግቡ፤ ቦታ ከጠበበ የአዳራሹን ጣሪያ ቁረጡ። ሥዕል ወይም ሐውልት ስታወጡ ከሥሩ ዓመቱን፣ የተሠራበትን ነገርና መጠኑን ጻፉ፤ የሰው ቁመት የሚያክለውን የኤኪንስ ሥዕልና አንድ ትንሽ ንድፍ በገጽ ላይ እኩል ሲታዩ አንባቢ ይታለላል። ደግሞም አልፎ አልፎ ከፎቶግራፈሩ ጋር አንድ ነዳፊ ላኩ። በ1923 ጃክ ዴምፕሲና ሉዊስ ፊርፖ ሲገጥሙ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ጆርጅ ቤሎውስን እንዲነድፍ ልኮት ነበር፤ በዓመቱ ዴምፕሲ በገመዶቹ መካከል ወደ ጋዜጠኞቹ ሲወድቅ የሚያሳየው ዛሬ በዊትኒ ሙዚየም ያለው ሥዕል ተወለደ።

ነዳፊው የሚቀመጠው ከሁለቱ ነጭ ማዕዘኖች በአንዱ አጠገብ ይሁን፤ በቀዩና በሰማያዊው በኩል ረዳቶቹ እየተነሡ ይጋርዱታል። የሐኪሙን መውጫ ደረጃ እንዳይዘጋም ይጠንቀቅ። ከፍ ያለ በርጩማ አትስጡት፤ ተራ ወንበር ይበቃዋል። የመድረኩ ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን ደግሞ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ ነው፤ ቀና ሲል ከሁሉ በፊት የሚያየው የቦክሰኞቹን ጫማ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የቦክስ አሠልጣኝና አንድ የሥዕል መምህር